ብርድ የማይችል ደም

በለጠች ከደጋ ወደ ቆላ የወረደችው ደሟ ብርድ አልችል ስላላት ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ተረት መስሎኝ ነበር። ዛሪማ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩ ጊዜ የተከራየሁት ክፍል ከእሷ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር። ቤቱ የታላቅ እህቷ የወለተ ጊዮርጊስ ነው። የዛሪማን ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ጥላ ሥር ትጋደማለች። በለጠች ግን በዚያ ሰዓት በርጩማዋን ታወጣና፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷን ወደ ስሜን ተራሮች አዙራ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ በዚህ ሐሩር ምን ያያሉ?» አልኳት።

«አገሬን» አለች።

«ከዚህ ይታያል እንዴ?»

«አይታይም። የሚታየው ገደሉ ነው። አገሬ ከገደሉ በላይ፣ ወዲያ ነው።»

እያደር ጨዋታ ለመድንና የሆነችውን ሁሉ ጥቂት በጥቂት ነገረችኝ። እሷ የዘለለችውን እህቷ ሞላችልኝ፣ እህቷ የማታውቀውን ደግሞ በኋላ ከባሏ ሰማሁ።

በለጠች የተወለደችው ከጊች ማዶ ባለች፣ ጓሳ ሜዳ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ከገብስ በቀር ሌላ እህል እሺ የማይልበት አገር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይነጣል፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። በጎቹ ከጋጣቸው ሲወጡ ትንፋሻቸው እንደ ጢስ ከላያቸው ይነሣል። እዚያ አገር ብርድን የሚያማ ሰው የለም፤ ይለብሱለታል እንጂ። በለጠች የበግ ጠጉር ስትፈትል እጇ የታወቀ ነበር። እሷ የፈተለችው ባና ሆኖ ሲሠራ ዝናብ አያስገባም ይሉ ነበር፤ ጎረቤቱም ጠጉሩን ይዞ ይመጣባታል።

ባሏ አሻግሬ የፓርኩ ስካውት ነው። ዋሊያ ይጠብቃል፣ እንግዳ ያጅባል፤ ሥራው ከቤት እያወጣ ብዙ ቀን ያቆየዋል። ሲመለስ ከመንደሩ ፊት ለፊት ካለው ተረተር ላይ ይቆምና ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «በለጡ ሆይ!» ብሎ ይጣራል። እሷም ካለችበት ወጥታ ትመልስለታለች። ከዚያ ሸለቆውን ወርዶ እስኪወጣ እሳቱ ተቀጣጥሎ፣ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ ይሞቃል።

«ሌላው ሰው ከሚስቱ ጋር ቀስ ብሎ ያወራል» አለችኝ አንድ ጊዜ እየሳቀች። «እኛ አገር ሁሉ እየሰማን ነው ያረጀን።»

አንዲት ልጅ ነው የወለዱት፤ ኪዳነምሕረት ትባላለች፣ ዳባት ተድራ ትኖራለች። ከእሷ ወዲያ ቤቱ የሁለቱ ነበር።

ሕመሙ የጀመራት በእግሯ ነው። አንድ ክረምት ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ ተልባ የተበተነባት መሰለች፤ ቀይ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነጠብጣብ። አያሳክክም። በጣት ሲጫኑትም አይጠፋም። ከረመና ፀሐይ ሲወጣ ጠፋ፤ በቦታው የዛገ ብረት የመሰለ ጠባሳ ተወ። በሚቀጥለው ክረምት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ክረምትም አልጠበቀም። ከምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጣቶቿ ይጠቁራሉ፣ መገጣጠሚያዋ ይቆረጥማታል፣ ውስጥ እግሯ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላታል። እንዝርት ከእጇ መውደቅ ጀመረ። አንዱ ምች ነው አላት፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው አላት። እሷ እግሯን በቀሚሷ ሸፈነች።

«ለምን ለአሻግሬ አልነገሩትም?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«ምን ብዬ? ብርድ አሸነፈኝ ልበለው? ጓሳ ሜዳ ተወልጄ?»

እሱ ግን አየ። እግሯን ስትታጠብ ደርሶ አየና ደነገጠ። ሁለቱም ያመኑትን አደረጉ፤ ጠበል ገቡ። ጠበሉ ከአለት ሥር የሚፈልቅ፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ነው። በለጠች በየጠዋቱ ተጠመቀች። ነጠብጣቡ በጭኗ በኩል ወደ ላይ ወጣ፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለው ፈንድቶ ቆሰለ። አጥማቂው አባ ሚናስ አንድ ቀን መስቀላቸውን ካሳለሟት በኋላ እግሯን አስተውለው ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ውሃው ሲነካሽ ነው የሚብሰው» አሏት።

«ሰይጣኑ ሲወጣ ነው እያሉኝ ነው፣ አባ።»

«እኔ እንዲህ አላልኩም። ጠበሉን ፀሐይ ላይ አሙቀሽ ጠጪው፤ መጠመቁ ይበቃሻል። ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው፤ ሂጂ ታዪ።»

ከመሄዷ በፊት ሌላ ነገር መጣ። ጠዋት ስትነሣ የዓይኖቿ ቆብ ያብጣል። ማታ ደግሞ እብጠቱ ወደ እግሯ ይወርዳል፤ ጫማዋ አልገባ አላት። ሽንቷ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ያወጣ ጀመር። አሻግሬ ከዚያ ወዲያ አልጠበቀም፤ በበቅሎ አድርጎ መኪና እስከሚገኝበት አወረዳትና ደባርቅ አደረሳት። እዚያ ደም ግፊቷን ለኩ፣ ሽንቷን መረመሩ። ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ ኩላሊቷ ማፍሰስ የሌለበትን ፕሮቲን እያፈሰሰ ነው። ጎንደር እንድትሄድ ጻፉላት፤ አሻግሬ ሚኒባስ ላይ አሳፍሯት ወደ ሥራው ተመለሰ። ዳባት ላይ ኪዳነምሕረት ሕፃኗን ለአማቷ ትታ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች፤ እናቷን አየችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጎንደር የተቀበለቻቸው ሐኪም ማዕረግ የምትባል ወጣት ሴት ናት። የበለጠችን ካልሲ ራሷ አወለቀችላት፣ እግሯን እያገላበጠች አየች፣ ከዚያ የማይገናኝ የሚመስል ጥያቄ ጠየቀቻት።

«ብርድ ሲሆን ይብስብዎታል?»

«እኔ ያለሁበት አገር ሁልጊዜ ብርድ ነው፣ ዶክተር።»

ደም ተወሰደ። አንደኛው ምርመራ ጉበቷ ውስጥ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው ቫይረስ እንዳለ አሳየ። ሐኪሟ የጠረጠረችው ሌላው ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልተገኘም። ደሙ እስኪመረመር ቀዝቅዞ ነበርና በድጋሚ ተወሰደ። በዚህኛው ጊዜ ብልቃጡን አስቀድመው አሞቁት፣ ደሙን እንደተቀዳ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነከሩት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው በጥድፊያ ይዞት ሄደ። ኪዳነምሕረት ይህን ስታይ፣ «እንደ አራስ ልጅ አቀፉት እኮ» አለች።

ከቀናት በኋላ ዶክተር ማዕረግ ጠርታ አስቀመጠቻቸው። ጠረጴዛው ላይ የታሸገች ቀጭን ብልቃጥ አለች፤ ከማቀዝቀዣ መውጣቷ ነው።

«ይህ ከእርስዎ ደም የወጣው ውሃ ነው» አለቻት። «ሥሩ ላይ ምን ይታይዎታል?»

በለጠች አጎንብሳ አየች። ቢጫ ውሃ ነው፤ ከሥሩ ነጭ ነገር ተኝቷል፣ እንደ አጓት ዝቃጭ።

«ጓንት አድርጉላቸውና በእጃቸው ይያዙት» አለች ሐኪሟ ለነርሶቹ። በለጠች ብልቃጧን በሁለት መዳፏ ጨብጣ ያዘች። ቆይታ መዳፏን ስትከፍት ነጩ ነገር ሳስቷል። እንደገና ጨበጠችው። በመጨረሻ ውሃው ጥርት አለ።

«የት ሄደ?» አለች በለጠች።

«ሞቀውና ሟሟ። አየሽ…» አለችና ዶክተሯ ራሷን አረመች፤ «አዩ፣ ቫይረሱ ጉበትዎ ውስጥ ለብዙ ዓመት ኖሯል።»

«ጉበቴን አሞኝ አያውቅም እኮ።»

«ተንኮሉ እሱ ነው፤ ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል። ሰውነትዎ ግን ዝም አላለም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ሲታገለው ኖረ። ለትግሉ ያመረተው ነገር ደምዎ ውስጥ በዛ። ሲሞቅ እንዲህ ይሟሟል። ሲበርድ እርስ በርሱ ይጣበቅና ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል፣ ያቆስላል። እግርዎ ላይ ያየነው እሱ ነው። ጣትዎን የሚያደነዝዘውም እሱ ነው። ኩላሊትዎም ውስጥ ገብቷል።»

በለጠች ብልቃጧን ለመመለስ አልቸኮለችም። «ከየት ያዘኝ?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት አየች። በለጠች ልጅ ሳለች አንዲት ነቃሽ መጥታ የመንደሩን ልጃገረዶች በአንድ መርፌ በተራ ነቅሳቸው ነበር። በገበያ ቀንም መርፌ የሚወጋ ሰው ይመጣ ነበር።

«ከዚያም ሊሆን ይችላል፣ ከሌላም ሊሆን ይችላል» አለች ዶክተር ማዕረግ። «አሁን ማንም በእርግጠኝነት አይነግርዎትም። ዋናው ነገር መድኃኒት አለው። በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ ሦስት ወር። ቫይረሱ ከጠፋ ደሙም ይጠራል ብለን ነው የምንጠብቀው። እስከዚያ ድረስ ግን ከብርድ ይራቁ። ካልሲና ባና አይበቃዎትም፤ የሚኖሩበት ቦታ ራሱ ከባድ ነው። ቆላ ዘመድ አለዎት?»

ዘመድ አላት፤ ዛሪማ ያለችው እህቷ። በለጠች ግን ከኪሷ መሐረብ አውጥታ አፏን ያዘች። ኪዳነምሕረት ስለ በሽታው ያለቀሰች መስሏት ጀርባዋን ታሻሽ ጀመር። እናቷ ያን ጊዜ የምታስበው ሌላ ነበር። «ቤቴን በቅጡ ዘግቼ አልወጣሁም» አለች።

ሌላም የሚያስጨንቃት ነገር ነበር፤ በአሻግሬ ላይ አጋብቼበት ይሆን? እሱ ደባርቅ ወርዶ እስኪመረመር እህል አልቀመሰችም ይባላል። ውጤቱን በስልክ ነገራት፤ ነፃ ነው። «እንኳን» አለችና ስልኩን ለልጇ ሰጥታ ዞር አለች።

ደባርቅ መናኸሪያ ተለያዩ። አሻግሬ ሥራውን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ በጎቹ አሉ፣ ገብሱም ማሳ ላይ ነው። ካልሲዎቿን፣ የመድኃኒቷን ዕቃና ትንሽ ገብስ የያዘውን ከረጢት መኪናው ላይ ጫነላት።

«እስከ መቼ ነው?» አለችው።

«ደምሽ እስኪጠራ።»

«ካልጠራስ?»

«እሱን ሳይጠራ ሲቀር እንነጋገርበታለን።»

መኪናው ሊማሊሞን መውረድ ሲጀምር ጆሮዋ ደነቆረ። በየጠመዝማዛው ልብሷን አንድ አንድ እያወለቀች ወረደች፤ ዛሪማ ስትደርስ በቀሚሷ ብቻ ነበረች። በዚያች ሰዓት፣ በአካሏ ላይ የሆነውን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ጣቶቿ ተፈቱ። እግሯ የራሷ እግር መሆኑን አወቀች። «ደስ አለኝ» አለችኝ። «ደስ ስላለኝም አለቀስኩ። ሰውነቴ አገሬን ከዳብኝ።»

ነጠብጣቡ በቆላው ሙቀት ከሰመ። ቁስሉ ደረቀ። መድኃኒቱን በየቀኑ ልጆች ከትምህርት ቤት ለምሳ ሲለቀቁ ትውጠዋለች፤ እኔ ወደ ቤት ስመለስ ብርጭቆዋን ይዛ አገኛታለሁ። ስለ ብርጭቆው ካነሣሁ አይቀር፣ መጀመሪያ ላይ ወለተ ጊዮርጊስ ለእህቷ የብቻ ብርጭቆና የብቻ ሳህን አድርጋላት ነበር። ክፋት አልነበራትም፤ የጉበት በሽታ ይተላለፋል ሲባል ሰምታ ፈርታ ነው። በለጠች ግን አብሮ መብላቱን እየተወች፣ «ጠግቤያለሁ» እያለች ወደ ክፍሏ መግባት አበዛች። ኪዳነምሕረት ለጥየቃ መጥታ ይህን ስታይ አክስቷን ፊት ለፊት አስቀመጠቻት።

«እታለም፣ በደም ነው እንጂ በምግብ አይተላለፍም። ዶክተሯ ናት የነገረችኝ። ምላጭና መርፌ አትጋሩ፣ ሌላውን አብራችሁ ብሉ አለች።»

በዚያው ምሳ ወለተ ጊዮርጊስ ከራሷ መሶብ ጎርሳ ሁለተኛውን ጉርሻ በእህቷ አፍ ውስጥ ጨመረችው። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ በለጠች እያነቃት ሳቀች።

ሌላው ሁሉ ተለመደ፤ ማሽላው፣ አጎበሩ፣ ላቡ። ናፍቆቱ ግን አልለመደ አለ። ጓሳ ሜዳ ስልክ አይሠራም። አሻግሬ ኔትወርክ ወዳለበት ተረተር ወጥቶ እሑድ እሑድ ይደውልላታል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሳልፈልግ እሰማ ነበር።

«ውርጭ ወረደ?»

«ወረደ።»

«ብዙ?»

«በጎቹ እስኪረፍድ አልወጡም።»

«ጥቁሯ ወለደች?»

«መንታ።»

«መንታ! አሻግሬ፣ ጋጣው በር ላይ የጓሳ ሣር ጎዝጉዝላቸው። ያ በር ንፋስ ያስገባል።»

«ጎዝጉዣለሁ።»

ከዚያ እሷ፣ «ንፋሱን እስቲ አሰማኝ» ትለዋለች። ስልኩን ወደ ላይ ሲያነሣው መሆን አለበት፣ ጉርምርም የሚል ድምፅ ከግድግዳው ወዲህ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ንፋስ እየሰማች ባትሪው ያልቃል።

የመድኃኒቱ የመጨረሻ ወር ሲደርስ ክረምቱ ገባ። ኪዳነምሕረት የቀረውን ክኒን ከጎንደር ተቀብላ ወደ ደባርቅ ላከችው፤ አሻግሬም ወርዶ ተረከበ። በማግሥቱ በሚኒባስ ሊልክላት ሲል ሊማሊሞ ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱ ተቆረጠ። ወዲህም ወዲያም መኪና ቆመ። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

«ምን ያህል ቀርቶሻል?» አላት በስልክ።

«ለዛሬና ለነገ።»

«ዶክተሯ አታቋርጪ ብላሻል።»

«ብላኛለች። ምን ይደረጋል፣ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሺ» ብሎ ዘጋው። እሺ ያለው ምኑን እንደሆነ አልገባትም።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ምድሩ ሲታፈን፣ አንድ ሰው በግቢያችን በር ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ያን ሁሉ ሙቀት ከምንም ሳይቆጥር የስካውት ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎታል። እኔ የማላውቀው ሰው ስለሆነ ከበርጩማዬ ብድግ አልኩ። በለጠች ከክፍሏ ወጣችና በር ላይ ቆመች።

«ምነው፣ ካፖርቱን አታወልቀውም?» አለች። ከወራት በኋላ ባሏን ፊት ለፊት ስታየው ያለችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

አሻግሬ ካፖርቱን ከፍቶ ከደረቱ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ዝናብ አልነካውም። ናዳውን በእግሩ አቋርጦ፣ አሮጌውን የእግር መንገድ ይዞ ገደሉን ወርዶ ነበር የመጣው። መሽቶበት ከአንድ ገበሬ ቤት አደረ፤ ሲነጋ ደግሞ ከታች ቆሞ የነበረ አይሱዙ አሳፈረው። «የዛሬውን ውጠሻል?» አላት።

«አልዋጥኩም። ልውጠው ስል ነው የመጣኸው።»

«ዋጪው እንግዲያ፤ እያየሁሽ።»

ወለተ ጊዮርጊስ ውሃ አቀረበች። በለጠች ክኒኑን ዋጠችና የባሏን እግር ልታጥብ ጎንበስ አለች። እሱ ግን ትከሻዋን ይዞ አስነሣት፤ «በፊት ያንቺን አሳይኝ» አለ። በርጩማው ላይ አስቀምጧት፣ ጭቃው እጁ ላይ እንዳለ ቀሚሷን ገለጥ አድርጎ እግሯን አየ። ጠባሳው እንጂ ነጠብጣቡ የለም። በአውራ ጣቱ ጠባሳውን ደጋግሞ አበሰው፤ የሚለቅ የመሰለው ይመስል። እኔ ያን ጊዜ ደብተር ማረም አለብኝ ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

መንገዱ እስኪጠገን አብሯት ሰነበተ። ቆላው አልተስማማውም። ራሱ ላይ ውሃ ያፈሳል፣ ከጥላ ወደ ጥላ ይዞራል፣ «ሰው እዚህ እንዴት ነው የሚተነፍሰው?» ይላል። በለጠች ትስቅበታለች። «ቀስ ብለህ ተንፍስ፤ እንደ ደጋው አትማገው» ትለዋለች። ከከረጢቱ የገብስ ቆሎ አውጥቶላት ነበር። ጥቂት ጥቂት እየቆረጠመች፣ ስለ እያንዳንዱ ጎረቤት እየጠየቀች ቀኑን ያመሹታል። መንገዱ ተከፈተ ሲባል ከሁለቱ ደስ ያለው አልነበረም።

መድኃኒቱ አለቀ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ጎንደር ሄዳ ተመረመረች። ዶክተር ማዕረግ ውጤቱን አይታ ፈገግ አለች።

«ቫይረሱ የለም። ጠፍቷል።»

«ስለዚህ ቤቴ ልግባ?»

ሐኪሟ ወንበሯን አቀረበች። «ሁሉንም ልንገርዎት። ቫይረሱ ጠፍቷል፤ ደምዎ ግን ልማዱን ቶሎ አይተውም። በብርድ የሚጣበቀው ነገር ቀንሷል፣ ጨርሶ አልሄደም። ኩላሊትዎም የተጎዳው ተጎድቷል። የሚያፈሰው ፕሮቲን ቀንሷል፤ ያ ጥሩ ነው። የግፊት ክኒኑን አይተዉም፣ ጨው ይቀንሳሉ፣ በየጊዜው እናይዎታለን። እንዲህ ከያዙት ብዙ ዓመት ያገለግልዎታል።»

«እኔ የጠየቅሁት ስለ ቤቴ ነው።»

«ለኑሮ አይሆንም። ለጥየቃ፣ በበጋው፣ ፀሐይ ባለበት ወር፣ ቀስ እያሉ።»

ቀስ እያለች ሄደች። የካቲት ላይ ደባርቅ ወጣችና ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ተከራዩላት። እዚያ ከረመችና ምንም አልሆነችም። ሚያዝያ ላይ አሻግሬ በቅሎ ይዞ መጣ። ያን ጉዞ የነገረችኝ እሷ ናት፤ ስትነግረኝ ግን ለእኔ የምትናገር አትመስልም ነበር። የአስታው ዛፍ እየሳሳ፣ የጅብራው ተክል ብቻውን መቆም ሲጀምር ከበቅሎዋ ወርዳ በእግሬ ልሂድ አለች። ጦስኙን እየረገጠች ሄደች፤ ሽታው ሲነሣ ቆም እያለች። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበላት። ሴቶቹ እግሯን ሊያዩ ቀሚሷን ገለጡባት፣ እልል አሉ። ቤቷ ገባች። ምድጃው ቦታውን ለቋል፤ አሻግሬ ለብቻው ሲያበስል ወደ ደጃፉ አቅርቦታል። ድንጋዮቹን አንሥታ ወደ ድሮ ቦታቸው መለሰቻቸው።

ግንቦት ሲጋመስ በረዶ ዘነበ። ሜዳው ነጣ። በነጋታው ጠዋት በለጠች ካልሲዋን ስታወልቅ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ጥቂት ቀይ ነጥቦች አየች። ጥቂት ናቸው፤ ካልሲው ተመልሶ ቢሸፍናቸው ማንም አያውቅም። ካልሲውን በእጇ ይዛ ቆየችና ወደ ውጭ ተጣራች።

«አሻግሬ፣ ና እይ።»

አየ። ቀና ሳይል፣ «ትወርጃለሽ» አላት።

«ዛሬን ልደር። ፀሐይ ቢወጣ ይጠፋ ይሆናል።»

«ኩላሊትሽ ውስጥ ያለውን ፀሐይ አያየውም። አታድሪም፣ በለጡ።»

በቅሎውን ጫነ። እሷ ጎረቤቶቿን ሳትሰናበት መውጣት ነውር ስለሆነባት ለቅርቦቹ ብቻ ደርሳ ተመለሰች። ደባርቅ ሲደርሱ፣ «እንኳን ጠራሽኝ» አላት። «ደብቀሽኝ ቢሆን ኖሮ ዳግመኛ አላወጣሽም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው እንዲህ ሆኗል። ክረምቱንና የውርጩን ወራት እሷ ዛሪማ ትሆናለች። በጋው ሲሞቅ ደባርቅ ትወጣለች፤ ፀሐዩ ከጠናና ሐኪሟ ከፈቀደች ለጥቂት ቀን ጓሳ ሜዳ ትገባለች። እሱ ጡረታው እስኪደርስ ከተራራው አይለቅም፤ ሲደርስም ቆላ ይኖራል ብላ አታምንም፤ እሱም አይምልላትም። ኩላሊቷ እስካሁን ባለበት ነው።

ባለፈው ሰኔ ከጎንደር ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ደባርቅ ቆመ። ጭጋግ ወርዷል፣ ዝናቡ ያካፋል። ሁለቱን መናኸሪያው ታዛ ሥር ቆመው አየኋቸው፤ እሷ ባና ደርባ፣ እሱ በዚያው ካፖርቱ። አሻግሬ አወቀኝና ደስ አለው። «መምህር፣ ከመስኮቱ በኩል አንተ ሁን። ንፋስ ይገባባታል» ብሎ አጠገቤ አስቀመጣት። የገብስ ዱቄትና መድኃኒቷ ያለበትን ቋጠሮ ጭኗ ላይ አኖረላት።

«አጨዳው ሲደርስ እመጣለሁ» አለችው።

«ያን ጊዜ ውርጭ ነው።»

«እንግዲያ ሲወቃ።»

«እሱም ውርጭ ነው፣ በለጡ።»

«እንግዲያ አንተ ና።»

«እመጣለሁ። ለመስቀል እመጣለሁ።»

ሾፌሩ በሩን ዘጋው። አሻግሬ ከውጭ በመዳፉ መስታወቱን አበሰ፤ እንፋሎቱ ግን ከውስጥ ስለነበር አልጠራለትም። በለጠች በእኔ ላይ ተንጠራርታ በነጠላዋ ጫፍ ከውስጥ በኩል አበሰችው፤ ሲጠራ መኪናው ተንቀሳቅሶ ነበር።

ሊማሊሞን ስንወርድ ባናዋን እንድታወልቅ ላግዛት ብዬ ቋጠሮውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«ተወው፣ አይከብደኝም» አለችኝ። እስከ ዛሪማ ድረስ እንደታቀፈችው ሄደች።